አስፋልቱ ላይ የቀረው መስመር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ ፋኑኤል፣

የስዊድን ብርድ ሳይጎዳህ፣ በሥራህም በጤናህም ሰላም ሆነህ ይህ ጽሑፍ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። እኔ የአክስትህ ልጅ እድላዊት፣ እናትህ እትዬ በለጥሽ፣ ወንድምህ ዮናስም ፈጣሪ ይክበርና ሁላችንም ደህና ነን። መስቀልን በደንብ አከበርን። በስልክ ስንነጋገር እትዬ በለጥሽ ናፍቆቱ አላስችል እያላቸው ስልኩን ከእጄ ይወስዱታል፤ ስለዚህ የሥራውን ነገር በኢሜይል ልጻፍልህ ብያለሁ።

የላክህልኝ ካርቶን ማክሰኞ ደረሰኝ። ከመናኸሪያ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ዮናስ በባጃጁ አደረሰልኝ። አራቱም ፎቶጌቶች፣ እነዚያ በብርሃን ጊዜ የሚለኩት መሣሪያዎች፣ ከነሰዓት ቆጣሪያቸው ደህና ናቸው፤ አንድም አልተሰበረም። ስድስት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር እንቅስቃሴ የሚባለውን ምዕራፍ የምንማረው ሰሌዳ ላይ ነበር። ኳስ ከፎቅ ጥለን በስልክ ሰዓት ስንይዝ ሰባት ተማሪ ሰባት ዓይነት ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ እኔም «መጽሐፉ ላይ ያለውን ጻፉ» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ልጆቹ ዕቃውን «በሩ» ብለው ስም አውጥተውለታል። በሁለቱ ክንዶቹ መካከል በዓይን የማይታየው ብርሃን ሲቋረጥ ሰዓቱ ይጀምራል፣ ሲለቀቅ ይቆማል። የሰው እጅ አይነካውም፣ የሰው ድካም አይገባበትም። ትናንት በወደቀ ነገር የመሬትን ስበት ለክተን 9.76 አገኘን። መጽሐፉ 9.8 ነው የሚለው። ቁጥራቸው ከመጽሐፉ ጋር ሲቀራረብ ልጆቹ ላይ ያየሁትን ደስታ ደመወዝ ሲወጣ እንኳ አይቼው አላውቅም።

ከሁሉም ሳባ የምትባል የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ በሩን ለማንም አታስነካም። አባቷ አቶ ዳልጮ ተራራው ላይ ባለችው ኦቾሎ ሸማኔ ናቸው፤ እሷ እዚህ ሲቀላ ዘመድ ቤት ሆና ነው የምትማረው። «ቲቸር፣ አምስት ጊዜ ሳንደግመው አይጻፍ» ትለኛለች።

ዮናስ ካርቶኑን ሲያወርድልኝ ውስጡን ገልጦ አየና «ለእኔ የላከው ዕቃ የለም?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። የረሳኸው ነገር ካለ ብዬ ነው።

እግዜር ያክብርልን።
እድላዊት

—

ጎተንበርግ
ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእድላዊት፣

ደብዳቤሽን ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለአንቺም ለልጆቹም ጤናና ትጋት ይስጥልኝ። እናቴን በእኔ ስም ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ዕቃዎቹ ለአገልግሎት በመዋላቸው ደስ ብሎኛል። እዚህ የምሠራበት ትምህርት ቤት አዲስ ስለገዛ እነዚያ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጡ ነበር፤ ርዕሰ መምህሯ ናቸው «ለአገርህ ልጆች ላክ» ያሉኝ። አንድ ምክር ልስጥሽ። በሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። በውስጡ የሚያልፈው ካርቶን ዘንበል ካለ ስፋቱ ይቀየራል፣ ቁጥሩም ይሳሳታል። መሣሪያው የሚነግርሽ ብርሃኑ ለምን ያህል ጊዜ ተቋርጦ እንደቆየ ብቻ ነው። ያ ምን ማለት እንደሆነ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

ዮናስ ስለጠየቀው ነገር እኔው ደውዬ እነግረዋለሁ። አንቺ አታስቢበት።

ወንድምሽ ፋኑኤል

—

አርባ ምንጭ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ፋኑኤል፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። እትዬ በለጥሽ በስልክ ምን ያህል እንደነገሩህ አላውቅም፤ ከድንጋጤያቸው የተነሳ ሁሉንም በሥርዓት ይነግሩሃል ብዬ አላስብም።

አርብ ጥቅምት 8 ተማሪዎች ከትምህርት ሲወጡ ዮናስ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ቁልቁል ሁለት ሰው ጭኖ ይወርድ ነበር። በትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት መንገድ የምታቋርጥ ተማሪ ገጨ። ሳባን ነው። ያቺን የጻፍኩልህን።

እኔ ቢሮ ነበርኩ። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ዮናስ ራሱ አቅፏት ሌላ ባጃጅ ላይ እየጫናት ነው። ሸሚዙ ሙሉ ደም ነበር። ሆስፒታል አድርሷት፣ የአባቷን ስልክ ጠይቆ፣ ከዚያ በእግሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። የግራ እግሯ ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ጭንቅላቷም ተመትቷል። ሦስት ቀን አልነቃችም። ትናንት ጠዋት ነቃች፣ አባቷን አወቀች።

ዮናስ «በሰዓት በሃያ ኪሎ ሜትር ነበር የምነዳው» ይላል። አብረውት የነበሩት ተሳፋሪዎች አንዱ ዝግ ብሎ ነበር አለ፣ ሌላው በጣም ይበር ነበር አለ። የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ካሱ ባጃጁን ጣቢያው ግቢ ውስጥ አስገፍተው ፍሬኑን ሲረግጡት ስለቆመ «ፍሬን ይሠራል» ተብሎ ተጽፏል። ዮናስም ስለ ፍሬኑ ሲጠየቅ «ደህና ነው» ብሏል።

በጸሎትህ አስበን።
እድላዊት

—

ጎተንበርግ
ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእድላዊት፣

ነገሩን ከአንቺ ስሰማ በጣም ደነገጥኩ። እግዚአብሔር ልጅቷን ይማርልን። ለአባቷ አዝኛለሁ በይልኝ።

ዮናስን አግኝተሽዋል? ምን አለሽ? ስለ ባጃጁ ሌላ የተናገረው ነገር አለ? ባጃጁ አሁን የት ነው ያለው? ሰው ይነካዋል ወይስ ተቆልፎበታል? እነዚህን ቶሎ ጻፊልኝ።

ሊብሬው በእኔ ስም መሆኑን ፖሊሶቹ ጠይቀዋል?

ፋኑኤል

—

አርባ ምንጭ
ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ፋኑኤል፣

ደህና እንደሆንክ ተስፋ አደርጋለሁ። ሆስፒታልና ክፍል እየተመላለስኩ መልስ አዘገየሁብህ።

ባጃጁ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው፣ ማንም አይነካውም። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ዮናስን ሁለት ጊዜ ምግብ ይዤ ሄጄ አይቼዋለሁ። በጣም ከስቷል። ስለ አደጋው ሳነሳበት ወሬ ይቀይራል።

አሁን የምነግርህ ነገር ከብዶኛል። ሰኞ ክፍል ገብቼ ስለ ፍጥነት መቀነስ ላስተምር ስል ኑሀ የሚባለው ተማሪዬ እጁን አወጣ። አባቱ ከሊል የሚባል፣ ሲቀላ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ የራሱም ባጃጅ ያለው ሰው ነው።

«ቲቸር፣ ጎማው አስፋልቱ ላይ የተወው መስመር አሁንም አለ» አለኝ። «ፖሊሶቹ ለክተውታል፣ አስራ አንድ ሜትር ነው። መጨረሻው ባጃጁ የቆመበት ነው። ጎማ አስፋልት ላይ ሲንሸራተት በምን ያህል እንደሚዘገይ በበሩ ብንለካ ባጃጁ መንሸራተት ሲጀምር በስንት ፍጥነት እንደነበረ እናውቃለን።»

ልክ ነው። እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው። ክፍሉ በሙሉ አየኝ። እኔም ወደ ሰሌዳው ዞሬ ትምህርቱን ልቀጥል አልኩ። ያን ጊዜ ኑሀ በቀስታ «ዘመድዎ ስለሆነ ነው?» አለኝ።

አይደለም አልኩ። እንለካዋለን አልኩ።

እድላዊት

—

ጎተንበርግ
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እድላዊት፣

ልጆቹን ከዚህ ነገር አርቂያቸው። የፖሊስ ሥራ የፖሊስ ነው። አንድ ወንድሜ እስር ቤት ተቀምጦ የአክስቴ ልጅ ተማሪ ሰብስባ ጥፋቱን በቁጥር ስትፈልግበት እናቴ ምን ትላለች? ይህን አስበሽዋል?

በተጨማሪም የላክሁልሽን ዕቃ ትምህርት ቤታችን መልሶ እንደሚፈልገው ተነግሮኛል። ለቆጠራ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ ስጪው፤ ከዚያ እኔ አስመጣዋለሁ። እስከዚያ ባትጠቀሚበት ይሻላል፣ አንዱ ቢሰበር ተጠያቂው እኔ ነኝ።

ፋኑኤል

—

አርባ ምንጭ
ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ ፋኑኤል፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ለመመለስ ድፍረት እስካገኝ ቆየሁ።

ርዕሰ መምህሯ ላክ ብለውኝ ነው ብለህ የጻፍከው ደብዳቤ እጄ ላይ አለ። ለቆጠራ ከተፈለገ እሳቸው በፊርማቸው ይጻፉልኝና በማግስቱ እልካለሁ። አንተን ሐሰተኛ ማለቴ አይደለም። ግን በአንድ ቀን ስጦታው ብድር የሆነበት ምክንያት አልገባኝም።

ለክተናል። ሳንቃ ወስደን ከሥሩ የባጃጅ ጎማ ቁራጭ በሚስማር መታንበት፣ ከላዩ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ጫንን፣ ከጎኑ አስር ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካርቶን አቆምን። በትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ እሁድ ጠዋት ሳጅን ካሱ መንገዱን ዘግተውልን፣ ሳንቃውን በገመድ ጎትተን ከመጀመሪያው በር በፊት ለቀቅነው። ካርቶኑ በመጀመሪያው በር ሲያልፍ አንድ ፍጥነት፣ በሁለተኛው ሲያልፍ ሌላ ፍጥነት። ልዩነቱ መዘግየቱ ነው። ሃያ ጊዜ ደገምነው። የቁልቁለቱንም ልክ ለክተን ጻፍን።

አስራ አንዱን ሜትር ይዘን ስናሰላ የዮናስ ፍጥነት በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር መጣ። ሃያ አይደለም፣ አርባ።

ልጆቹ ወረቀቱን አዘጋጁ። እኔ ፈረምኩበት። ሳጅን ካሱ ተቀብለው ከመዝገቡ ጋር አያያዙት። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ታኅሣሥ 25 ነው።

እትዬ በለጥሽ ይህን ከሰሙ ጀምሮ ሰላም አይሉኝም። ትናንት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስስማቸው ፊታቸውን አዞሩ። ይገባኛል። ለዮናስም ራሴው ሄጄ ነገርኩት። «አርባ አልነዳሁም እድልዬ» አለኝ። «ታዲያ ከሃያ ለማቆም አስራ አንድ ሜትር ለምን ፈለገ?» አልኩት። መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ «ወንድሜ ደህና ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሳባ ለሁለተኛ ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደርጋ ብረት ገብቶላታል። አባቷ ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ነው የሚያድሩት።

እድላዊት

—

አርባ ምንጭ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሃያ ቀን ሆነ። እናትህም ስልክ እንደማታነሳ ነገሩኝ፤ ለእኔ የነገሩኝ በሰው ነው። ተቆጥተህብኝ ከሆነ ቁጣህን ጻፍልኝና ልወቀው። ቀጠሮው ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዮናስ ጠበቃ አልፈልግም ብሏል።

ሳባ ከሆስፒታል ወጥታ አባቷ ኦቾሎ ወስደዋታል። በምርኩዝ ትቆማለች። ሐኪሙ ማነከሷ እንደማይቀር ነግረዋቸዋል።

እድላዊት

—

ጎተንበርግ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አስፋልቱ ላይ ያለው መስመር ስንት ነው? አንድ ነው፣ ሁለት ነው ወይስ ሦስት? ፖሊሱ የሣለውን ንድፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

ፋ.

—

አርባ ምንጭ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

አንድ ነው። ፎቶውን አያይዤልሃለሁ። የግራው የኋላ ጎማ ነው።

ጥያቄህን ሳነብ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ልጆቹን ጽሑፍ አስይዤ ወጣሁና መንገዱ ዳር ሄጄ ቆምኩ። አሁን ደብዝዟል፣ ግን ይታያል። አንድ ነው። ከዚያ በፊት መቶ ጊዜ ረግጬው አልፌያለሁ።

ባጃጅ ሦስት ጎማ ነው ያለው። እኛ የለካነው ክብደቱ በሙሉ ጎማው ላይ የተጫነ ሳንቃ ነው፤ ማለትም ሦስቱም ጎማዎች ተይዘው የሚንሸራተቱ ባጃጅ። የተያዘው አንዱ ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱ ዝም ብለው ይሽከረከሩ ከነበረ፣ ባጃጁ የሚዘገየው በጣም በጥቂቱ ነው። እንዲያ ከሆነ አስራ አንድ ሜትር ለመሄድ አርባ አያስፈልገውም። እዚያው መንገድ ዳር በስልኬ አሰላሁት። ሃያ አካባቢ ነው የሚመጣው።

በሩ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ በፊርማዬ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ስድስት ሳምንት እያየሁት ያላየሁትን አንተ ንድፉን እንኳ ሳታይ፣ ስዊድን ሆነህ፣ እንዴት ጠየቅከው?

እድላዊት

—

ጎተንበርግ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእድላዊት፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። አሁን ሳልሰርዝ ልጨርሰው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዮናስ ደወለልኝ። የፊተኛው ጎማና የቀኙ የኋላ ጎማ የፍሬን ሸራ አልቋል፣ የሚይዘው ግራው ብቻ ነው፣ ጋራዥ ላስገባው አለኝ። እዚያ የሚሸጠው ቶሎ ያልቃል፣ ደህናውን ከዚህ ገዝቼ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ጋር እልክልሃለሁ አልኩት። ባጃጁ አሁን አይቁም፣ የመስቀል ሰሞን ሥራ አያምልጥህ፣ ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት። ከዚያ ካርቶኑን ሳሽግ ረሳሁት። ካርቶኑን ገልጦ የጠየቀሽ እሱን ነበር። አንቺ «የረሳኸው ነገር ካለ» ብለሽ ስትጽፊልኝ አስታወስኩ። መልስ በጻፍኩልሽ ዕለት እንኳ ብደውልለት ኖሮ ስድስት ቀን ነበረኝ። አልደወልኩም። ነገ እደውላለሁ እያልኩ ሰነበትኩ።

አደጋው በደረሰ ቀን ከሆስፒታሉ ግቢ ደወለልኝ። ስለዚህ ከአንቺ እንደሰማሁ አድርጌ የጻፍኩልሽ ሐሰት ነው። ሁሉንም አውቅ ነበር። ያለቅስ ነበር። «ፍሬኑ አልያዘልኝም ወንድሜ፣ ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለኝ። እኔም «ስለ ፍሬኑ ምንም አትበል» አልኩት። ሊብሬው በስሜ ነው፣ የዜግነት ማመልከቻዬ ውሳኔው ሊመጣ ወር ቀርቶታል፣ የክስ ወረቀት ከወጣብኝ አለቀልኝ አልኩት። «ፍጥነቴ ሃያ ነበር በል፤ እውነትም ሃያ ነበር፤ እሱን ያምኑሃል» አልኩት።

እኔን ብሎ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። እናንተ አርባ ብላችሁ ስትጽፉ የት ላይ እንደተሳሳታችሁ በአንድ ደቂቃ አየሁት። ሥራዬ ነው፣ ልጆች እንዲህ ሲሳሳቱ በየቀኑ አያለሁ። ያንን ካልኩሽ ግን ፍሬኑን መናገሬ ነው። ሃያ ቀን ዝም ያልኩት ስለዚህ ነው። ዕቃው ይመለስ ያልኩትም ከራሴ ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ይህን ደብዳቤ ለሳጅን ካሱ ስጪልኝ። ባጃጁን ይፍቱት፣ ጎማዎቹን ያውልቁና ይዩ። ለልጅቷ አባትም አንብቢላቸው። ለእናቴ እኔው እነግራታለሁ።

ፋኑኤል

—

አርባ ምንጭ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ፋኑኤል፣

ሰላምታዬን ልጽፍ ብዬ ብዙ ቆየሁ። እንዴት እንደምጽፈው ስላላወቅሁ የሆነውን ብቻ ልንገርህ።

ደብዳቤህን በደረሰኝ ቀን አትሜ ለሳጅን ካሱ ወሰድኩላቸው። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። መካኒክ አስጠርተው እኔ ባለሁበት ጎማዎቹን አስወለቁ። የፊቱና የቀኙ ሸራ እስከ ብረቱ አልቆ ነበር። መካኒኩ ብረቱን በጣቱ እየዳሰሰ «ይኼ ከአደጋው ብዙ በፊት ያለቀ ነው» አለ።

ከዚያ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ የድሮውን ስሌት ጻፍኩና የት ላይ እንደሳትኩ አሳየኋቸው። ኑሀ «እንደገና እንለካው፤ አሁን በእውነተኛ ባጃጅ» አለ። አባቱ ከሊል የራሱን ባጃጅ አመጣ። መካኒኩ የፊቱንና የቀኙን ፍሬን አላቀቀው። ቅዳሜ ባዶ ሜዳ ዳር ያለች ቀጥ ያለች ደልዳላ አስፋልት ላይ ሰው አርቀን፣ ከጎኑ ካርቶን አስረን፣ ሁለቱን በሮች አቆምን። ከሊል በዝግታ መጥቶ ከመጀመሪያው በር በፊት ፍሬኑን ረገጠ። አስራ ሁለት ጊዜ። ግራው ጎማ ብቻ አስፋልቱ ላይ ጥቁር እየሳበ፣ ባጃጁ እየተጎተተ ሄዶ ቆመ። እሱን ይዘን በትምህርት ቤታችን በር ያለውን ቁልቁለት ጨምረን ስናሰላ በሰዓት ከአስራ ዘጠኝ እስከ ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር መጣ።

የመጀመሪያውን ወረቀት በእጄ ጽፌ ሻርኩት፣ አዲሱን አያያዝኩ። ዳኛው ረቡዕና ሐሙስ መዝገቡን አይተው፣ አርብ ዕለት ጉዳዩ እንደገና እንዲጣራ ብለው ለጥር 30 ቀጠሩት። ዮናስ በዋስ ወጣ። ዋሱ ከሊል ነው። ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቀ ነድቷል፣ ይህን ራሱም አሁን ተናግሯል። አንተም ትፈለጋለህ፤ ሳጅን ካሱ ስልክህን ወስደዋል።

ዮናስ ስለ አንተ ክፉ ቃል አልተናገረም። «ስለ ፍሬኑ ብነግራቸው እንኳ የገጨኋት እኔ መሆኔ አይቀርም ነበር» ነው ያለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። እጄን ይዞ ብዙ ቆየ።

ትናንት ኦቾሎ ወጣሁ። ዳልጮ ሽመናቸውን ትተው ወንበር አወጡልኝ። እሳቸው አማርኛ ጥቂት ቢሰሙም ማንበብ አይችሉም። ላነብላቸው ስል ሳባ «እኔ ላንብበው» ብላ ተቀበለችኝ። እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ታነባለች፣ ከዚያ በጋሞኛ ትነግራቸዋለች። ድምጿ አልተለወጠም። «ስለ ፍሬኑ ምንም አትበል» የሚለው ጋ ስትደርስ ግን በጋሞኛ መናገሩን ተወች። አባቷ ጠበቋት። ከዚያ ነገረቻቸው።

ዳልጮ ያሉትን እንዳለ ልጻፍልህ። «ይህን ለምን በእኔ ልጅ አፍ ያስነግረኛል? አፍ የለውም? እሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

ከዚያ እስከ መንገዱ ሸኝተው መኪና አሳፈሩኝ።

እድላዊት

—

ጎተንበርግ
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእድላዊት፣

የእናንተ ገናና የእኔ ዝምታ አንድ ላይ አለፉ። ለዚህም ይቅር በይኝ።

ለእናቴ ነግሬያታለሁ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ስልኩን ለዮናስ ሰጠችው። ሁለታችንም ብዙ አልተናገርንም። አንቺን ሰላም እንድትልሽ ለምኛታለሁ፤ «ልጅቷ እኮ ዘመድ ሳትል እውነቱን ነው የፈለገችው» አለችኝ። ነገ መጥታ ታይሽ ይሆናል።

ከሳጅን ካሱ ጋር በስልክ ተነጋግረናል። ቃሌን በአካል እሰጣለሁ ብያቸዋለሁ። ከሥራ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስጃለሁ። የዜግነቱ ውሳኔ አልመጣም፤ አገር ቤት የምሄድበትን ምክንያት ማመልከቻዬን ለያዘው መሥሪያ ቤት ጽፌ አሳውቄያለሁ። የሚሆነውን አላውቅም። ስጽፈው እንደፈራሁት ግን አልነበረም።

ጥር 15 በጠዋቱ አውሮፕላን አርባ ምንጭ እደርሳለሁ። ማንም እንዳይቀበለኝ። ዮናስም ቢሆን። ወደ ቤት ሳልገባ፣ ወደ ጣቢያውም ሳልሄድ፣ ቀጥታ ኦቾሎ ነው የምወጣው። አንቺም አብረሽኝ አትምጪ፤ ከጎኔ ሆነሽ ቃል ስታቀብይኝ አይሁን። የዳልጮ ቤት የትኛው እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ።

ጋሞኛ ካልተናገርኩ አስራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ለብቻዬ እለማመዳለሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውን አስታውሻለሁ። ከእሱ በፊት፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ልጅቷ እያየችኝ ምን ብዬ እንደምጀምር ገና አላገኘሁትም። እስከዚያ አገኘው ይሆናል። ባላገኘውም እገባለሁ።

ወንድምሽ ፋኑኤል